ከበልጉ ሥር ያለችው ክረምት

ሰሞኑን ሞዴል ፈተና ላይ ነበርን። የመልስ መስጫውን ክብ የማጠቁርበት እርሳስ ደነዘብኝና በመቅረጫ ሁለት ሦስት ጊዜ ባዞረው፣ ፍቅፋቂው ዴስኩ ላይ ረገፈ፤ ከፍቅፋቂው ሽታ መጣ። የጥድ ሽታ። እርሳስ ሁሉ እንደዚያ አይሸትም፣ ያኛው ግን ሸተተ። ፈታኙ "ሰዓት እየሄደ ነው!" ይላሉ፣ እኔ ፍቅፋቂ ይዤ አሸታለሁ። ስንወጣ ከኋላዬ የተቀመጠችው ጓደኛዬ "ስመኝ፣ የቅድሙ ምንድን ነው? እርሳስ ትበያለሽ እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? አያቴ ሸተቱኝ ብላት ይብስ ልትስቅ ነው። ትዝታ የሽማግሌ ነው የሚል ካለም ይሳቅ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶኛል፣ ከአሥራ ሰባቱ ላይ ስድስቱን ወደ ኋላ ብመለስ ማንንም አልጎዳሁ።

ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከተማችን ንፋስ መውጫ ዛሬም ያው ንፋስ መውጫ ናት፣ ንፋሷም አልቀነሰም፤ ጥጎቿ ግን ተለውጠዋል። ከመናኸሪያው ወደ ሰፈራችን በሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ዘፈን የምትጭን አንዲት ጠባብ ቤት ነበረች። ሜሞሪ ካርድሽን ትሰጫለሽ፣ በአንድ ብር አንድ ዘፈን ይጭኑልሻል፣ አሥር ካስጫንሽ አንድ ምርቃት። ድምፅ ማጉያዋን በር ላይ አውጥታ ከጠዋት እስከ ማታ ስለምትጮህ ሰፈሩ በሙሉ ሳይወድ በግድ አንድ ዓይነት ዘፈን ያንጎራጉር ነበር፤ የሰፈራችን ዲያቆንም ሳያስቡት ትከሻቸው ሲነቀነቅ አይቻለሁ። ዛሬ እዚያው ቤት የስልክ ሽፋን ይሸጣል፤ ዘፈኑን ከቴሌግራም ነው የምናወርደው፣ ምርቃት የሚባል ነገር የለም። ባጃጅ ከአስፋልቱ እስከ እኛ በር ሦስት ብር ነበር። ጫማዬ ሮዝ ኮንጎ ነበረች፣ ግራዋ በጋለ ቢላ ተበይዳ የተጠገነች። ዩኒፎርሜ ላይ የምደርበው ሹራብ የእናቴ ስለነበር እጅጌውን ሦስቴ እያጠፍኩ ነበር የምለብሰው። እንዲህ ስል ድህነታችንን የማወራ እንዳይመስላችሁ፤ ያቺን ኮንጎ ዛሬ ባገኛት ግድግዳ ላይ እሰቅላታለሁ።

አያቴን ሰው ሁሉ አያ ሞላ ይላቸዋል፤ እኔ አባባ ነው የምላቸው። የእናቴ አባት ናቸው፣ ከእኛው ጋር ነው የሚኖሩት። ሥራቸው ደጋን ነበር። ደጋን ስል የጦርነቱን ቀስት እንዳታስቡ፤ ፈታዮች ጥጥ የሚነድፉበትን ነው፣ ጎበጥ ያለ እንጨት ከጫፍ እስከ ጫፍ ጅማት የተወጠረበት። ጥጡ ላይ አስጠግተው ጅማቱን ሲመቱት ድም ድም እያለ ጥጡን አረፋ ያስመስለዋል፤ ከዚያ አመልማሎ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ እንዝርት ይሄዳል። ብዙ ሰው ቀርከሃም ይሁን የትኛውም ቅርንጫፍ፣ ከጎበጠለት ይበቃዋል፤ ሲሰበር ሌላ ያጎብጣል። የአባባ ደጋን ግን እናት ለልጇ የምትተወው ዕቃ ነበር። ከስማዳም ከእስቴ መካነ ኢየሱስም "የአያ ሞላን ደጋን" እያሉ ሰው ይልኩ ነበር። አሁን የፋብሪካ ድር መጥቶ ፈታዩም ቀነሰ፣ ደጋኑም ተረሳ፤ ያኔም መረሳት ጀምሮ ነበር።

የደጋናቸው ጥንካሬ ከምን እንደሚመጣ ለማንም አይደብቁም ነበር፤ ሰው ትዕግሥት ስለሌለው ነው የማይሠራው ይላሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጥድ በየክረምቱ አንድ ልብስ ይደርባል። ዝናብ ሲጠግብ ፈዘዝ ያለ ለስላሳ ሥጋ ያወጣል፤ መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲቆም ያንን ሥጋ በቀጭን፣ ጠቆር ባለ ጠንካራ ቆዳ ይዘጋዋል። በሚቀጥለው ክረምት በላዩ ሌላ። የደጋኑ ጀርባ፣ ማለት ሲጎብጥ የሚለጠጠው የውጭው በኩል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዲት ቆዳ ብቻ መሆን አለበት። ከላይ ያሉትን እየፋቁ፣ እየፋቁ፣ የመረጧት ላይ ሲደርሱ ማቆም ነው። ካራው አንድ ቦታ ላይ እንኳ እሷን ከቆረጣት፣ ደጋኑ የሚሰበረው በዚያው ነው። አባባ የዛፍ ቀለበት ምናምን አይሉም፤ "ክረምት" ነው የሚሉት። "ሦስተኛዋ ክረምት ላይ ወርጃለሁ" ይላሉ። ኋላ ባዮሎጂ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ግንድ ሥለው "ይህ ምን ይባላል?" ሲሉ እጄን አውጥቼ "ክረምት!" አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቁ፣ ካስረዳኋቸው በኋላ ግን "ከመጽሐፉ የተሻለ ነው" አሉኝ። ይህን ያነሳሁት ለጉራ ነው፣ አልዋሽም።

እንግዲህ የአባባን ዓይኖች ሞራ ጋረዳቸው። መጀመሪያ አንዱን፣ ከዓመት በኋላ ሁለተኛውን። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፣ ሰው መምጣቱን ያውቃሉ፤ እንደ ፀጉር የቀጠነች የጥድ መስመር ግን ከየት ትምጣ? ካራቸውንና ትንሿን መጥረቢያ ጆንያ ውስጥ ጠቅልለው ቆጥ ላይ ሰቀሉና ፀሐይ መሞቅ ጀመሩ። ጎረቤታችን አንዱ በመንገድ ሲያልፍ "አያ ሞላ፣ ዛሬስ ስንት ደጋን በፀሐይ አደረቁ?" እያለ ይቀልድባቸው ነበር። እሳቸውም ይስቁለታል። ሲያልፍ ግን የተቀመጡበትን ዱካ እንጨት በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይፈትጉታል፣ ይፈትጉታል፤ ዱካው በዚያ በኩል ጎድጉዷል።

የመንፈቅ ዓመት እረፍት ላይ ሳለን፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እማሆይ ወለተ ኪዳን ከቤተ ልሔም ገዳም መጡ። መነኩሲት ናቸው፤ እየፈተሉ ለካህናቱ ጋቢ ያሠራሉ። ከእናታቸው የወረሱት የአባባ ደጋን ነበራቸው፤ የጎጇቸው ምሰሶ ወድቆበት ተሰበረ።

"አያ ሞላ፣ ደጋን ፈልጌ ነው የመጣሁ።"

"ዘገዩ እማሆይ። ደጋን የሚሠራው ሰውዬ ሞቷል።"

"እንዴ! ታዲያ አሁን የሚያናግረኝ ማን ነው? ነፍሱ?"

"ነፍሱ ናት። ነፍስ ደግሞ ጥድ አትፍቅም።"

"ይተዉ እንጂ። እጅዎ ደህና አይደል?"

"እጄማ ደህና ነው፣ ዓይኔ ነው ጥሎኝ የሄደ። ክረምቷን ሳላያት እንዴት አድርጌ ልውረድላት?"

እማሆይ ዞር አሉና በሩ ላይ ቆሜ ሽምብራ የምቆረጥመውን እኔን አዩኝ። "ይቺስ? ዓይን የላትም?"

እናቴ ከውስጥ ሰማች። "ኧረ እማሆይ፣ ልጅቷ ታንብብበት እንጂ በእረፍቷ! አባዬም ቢሆኑ ጣታቸውን ነው የሚቆርጡት።" አባባ ግን ቀና ብለው ነበር። ቆጥ ላይ አንድ የጥድ ፍላጭ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዛፍ አይቆረጥም፤ ፍላጩ የተገኘበትን ጥድ ግን ንፋስ ጥሎት ነው፣ አባባ የመቅደሱን መስኮት ስለጠገኑ ካህናቱ አንዲት ፍላጭ ሰጧቸው። ሌላ የለም። "ይቺን አንድ ልሥራ" አሉ ለእናቴ። "ካልሆነችልኝ ካራውንም መጥረቢያውንም ለፈለገ ስጪልኝ፤ ሁለተኛ እንጨት አልነካም።" እማሆይ "ቅዳሜ እመለሳለሁ" ብለው ሄዱ።

ሰኞና ማክሰኞ ቅርፊቱና ከሥሩ ያለው ነጩ እንጨት ተነሣ፤ ሆዱንም፣ ማለት ወደ ጅማቱ የሚዞረውን በኩል፣ አባባ በመጥረቢያ በዳሰሳ ብቻ ጠረቡት። እናቴ መጥረቢያው ባረፈ ቁጥር ትሳቀቃለች፣ አባባ ጣታቸው ሁሉ እንዳለ ነበር። ረቡዕ ተራው የኔ ሆነ። "ጫፉን ምራቅ ቀቢና ወደ ፀሐይ አዙሪው" አሉኝ። ቀባሁ። ቀላ ባለው እንጨት ላይ መስመሮቹ ተራ በተራ ብቅ አሉ፣ አንዳንዷ ወደ ጎረቤቷ የተጠጋች፣ አንዳንዷ የራቀች። አምስተኛዋ አማረችኝ። ከሥሯ ወፈር ያለ ሥጋ አለ፣ ጥጋብ ታስታውቃለች። "አምስተኛዋ ላይ እንውረድ አባባ።" "ዓይኑ ያለሽ አንቺ" አሉ። እኔ በካራና በጠርሙስ ስባሪ እፍቃለሁ፣ እሳቸው ከኋላዬ በጥፍራቸው ይከተላሉ። ለስላሳው ሥጋ ሲፋቅ ዱቄት ይሆናል፤ ቆዳዋ ላይ ስትደርሱ ስባሪው ይንሸራተታል። የጥዱ ሽታ እንዴት እንደሚወጣ ልነግራችሁ አልችልም፤ ሹራቤ ሳምንት ሙሉ ሸቷል። ከመታጠፊያዋ ቤት ዘፈኑ ይመጣል፣ አባባ በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ፣ ልብ ሲሉት "ይቅር በለኝ" ብለው ያማትባሉ። ዛሬ ሳስበው በሕይወቴ እንደዚያ ረቡዕ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው።

ሐሙስ አባባ ለቅሶ ሄዱ። "ቀስ እያልሽ ቀጥዪ፤ ከጠፋችብሽ ቁሚ" ብለውኝ ነበር። ከሁለቱም ጫፍ ወደ መሀል ስመጣ መስመሯ እየደበዘዘች ሄደች። ደበዘዘች፣ ደበዘዘች፣ መሀሉ ላይ ጠፋች። መቆም ነበረብኝ፤ እኔ ግን ትንሽ ዝቅ ብላ ይሆናል ብዬ ፈለግኳት። ለስላሳውን እየገለጥኩ ወረድኩ። ልክ የወደቀባትን ነገር ፍለጋ ጓሮ እንደምትቆፍር ሰው፣ ባጣኋት ቁጥር ይበልጥ እየቆፈርኩ። ቀና ስል የደጋኑ ጀርባ መሀል ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጉድጓድ አለ። በጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ክረምቴ ተቆርጣ ትታያለች። ሌላ ፍላጭ የለም፣ ለቅዳሜ ሁለት ቀን ቀርቷል፣ የአባባን ካራ እናቴ ለማን እንደምትሰጠው ሁሉ ታየኝ፤ ለዚያ በመንገድ ለሚያልፈው ጎረቤታችን።

ያደረግኩትን አድርጌአለሁ። የጧፍ ቁራጭ ወሰድኩ፣ በምድጃው ዳር አቀለጥኩ፣ የጥዱን ዱቄት ለወስኩበት፣ ጉድጓዱን ሞላሁ። ሲደርቅ በስባሪ አስተካከልኩት። ለዓይን ያስታውቅ ነበር፤ አባባ ግን ዓይን የላቸው። ከለቅሶ ሲመለሱ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ተቀምጠው ጥፍራቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰደዱት። መሀሉ ላይ ደረሰ። አልፎ ሄደ። "ጎበዝ የኔ እናት!" አሉ። "እንደ በቅሎ ጀርባ አደረግሽው እኮ!" እናቴን ጠሩ፣ ጎረቤት ጠሩ፣ ያንን ቀልደኛም ጠሩ። "ነይ እዪ ልጄ፣ ሥራ ሠራን።" ራት ላይ እንደዚያ ሲበሉ ካየኋቸው ዓመት አልፎ ነበር። በተደሰቱ ቁጥር እኔ ሽሮውን ወደ እሳቸው በኩል እገፋለሁ። ደጋን ሲሰበር ዝም ብሎ አይሰበርም፤ ጅማቱ ስለሚስበው ቁራጩ ይፈናጠራል፣ ነዳፊ ደግሞ ፊቷን አስጠግታ ነው የምትሠራው። የእማሆይ ዓይን ታየኝ። ቀጥሎ የማየው ደግሞ አባባን ነው፣ ጆንያውን ሲጠቀልሉ።

ዓርብ ጠዋት አባባ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሳይሞቅ ጅማቱን አርሰው፣ ደጋኑን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

"አባባ፣ አይወጥሩት።"

"ምነው?"

"ይሰበራል።"

"ማን አለ?"

"እኔ። መሀሉ ላይ ቆርጫታለሁ። ጧፍ አቅልጬ ሞላሁት።"

ጥፍራቸው ተመልሶ ወደ መሀል መጣና ቆመ፤ ጫን አሉት፣ ሰሙ ተነቅሎ ጥፍራቸው ሥር ገባ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። "ጧፍ" አሉ። "ዓይኔን ሞራ ቢወስደው ጣቴ አለኝ እል ነበር። ጣቴን ደግሞ አንቺ ወሰድሽው።"

ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። እናቴ ከቤት ብቅ ብላ "ምን ሆናችሁ?" አለች፤ አባባ ደጋኑን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈን አድርገው "ምንም፤ ሥራ ላይ ነን፣ ግቢ" አሏት። ስትገባ ወደኔ ዞሩ። "አንቺም አፍንጫሽን ጥረጊና ንገሪኝ። እንዴት ጠፋችብሽ?"

"እየደበዘዘች ሄዳ።"

"ድሮም ብዥ ያለች ናት ወይስ ጥርት ያለች?"

"ጫፉ ላይም ከሌሎቹ ፈዘዝ ትል ነበር።"

"ከላይዋም ከታችዋም ሥጋ አለ? ወፍራም?"

"ከሁሉም ወፍራም።"

አባባ ጭናቸውን በጥፊ መቱ። "በልግ ናት! ስመኝ፣ በልግ ናት እኮ! ያቺ በልግ!" ሳቃቸው መጣ፤ እኔ ገና እንባዬ አልደረቀ፣ የሚስቁበትን አላወቅኩ። ከዚያ አስረዱኝ። ድሮ፣ እናቴ ሕፃን ሳለች፣ አንድ ዓመት በልጉ እንደ ክረምት ዘነበ። ገብሱ ከወገብ በላይ ሆነ፣ ሰው እስከ ዛሬ ያነሳዋል። ጥዱም እንደ ሰው ተታለለ። የበልጉ ዝናብ ሲያባራ ዓመቱ ያለቀ መስሎት መዝጋት ጀመረ፤ መሀል ላይ ሳይጨርስ ክረምቱ ገባና ትቶት ቀጠለ። መስመር ትመስላለች፣ ግን ዛፉን አትዞረውም። እኔ አምስተኛ ክረምት ብዬ የቆጠርኳት እሷን ነው። "በልግ የማያውቅ አገር ልጅ ብትሆኝ ይህን አትሳሳቺም ነበር" አሉ። "እኔም ወጣት ሳለሁ እሷው ናት ሁለት ደጋን የበላችኝ። እንዲያው አፌን የዘጋው ምን ነው! ጫፉን ስታዪ ልጠይቅሽ ሲገባኝ።" ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። ድምፃቸው ተለወጠ። "አሁን ሰሙን በደንብ አውጪና ጉድጓዱን እዪልኝ። ወለሉ ላይ ምን አለ?"

በመርፌ አወጣሁት። ምራቅ ቀብቼ ወደ ፀሐይ አዞርኩት። ከበልጉ ሥር ያለችው፣ የቀደመው ዓመት ክረምት፣ እዚያ ታች መሆን አለባት። እሷንም ቆርጫት ከሆነ በቃ፣ ከዚያ በታች ብንወርድ ደጋኑ እንደ አርጩሜ ይቀጥናል።

"ጠቆር ያለች አለች። እንደ ክር ቀጭን።"

"ተቆርጣለች?"

ጎንበስ አልኩ። ዓይኔ እንባ ስላለበት በእጅጌዬ ጠረግኩና ደግሜ አየሁ። የጉድጓዱ ወለል ዱቄት አልነበረም። የበቆሎ ልጣጭ ውስጡ እንደሚያበራ ያበራ ነበር።

"አልተቆረጠችም አባባ። ደህና ናት። ታበራለች!"

"እልል በይ" አሉ ቀስ ብለው። "እሷ ክፉዋ ዓመት ናት። ከጥጋቡ በፊት የመጣችው። ሰማዩ ነሐስ ሆኖ፣ እናትሽን አዝዬ ስማዳ ዘመድ ቤት የወረድኩባት። ጥዱም አልበላም ያን ዓመት፣ ለዚህ ነው የቀጠነች። ጠንካራ ናት ግን። ቀጭን ናትና አንድ ጊዜ ከሳትሽ ግን አትመለስም።" ካራውን ከእጄ ወሰዱና አስቀመጡት። "ካራ በቃ። በስባሪ ብቻ።"

ያን ቀን እንዴት እንደሠራን አሁንም ክንዴ ያስታውሰዋል። ጀርባውን በሙሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በልጉን ገፈን ወደ ክፉዋ ዓመት መውረድ ነበረብን። እኔ እፍቃለሁ፣ አባባ ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ ዘንበል ያደርጋሉ። ለስላሳው ሲፋቅ ድምፁ ይሻክራል፤ ቆዳዋ ላይ ሲደርስ ይቀጥናል። እኔ ሳላያት እሳቸው ይሰሟታል። "ቁሚ!" ይላሉ፤ አያለሁ፣ እዚያ ናት። "ዝቅ በይ፣ ገና ነሽ።" "ቁሚ!" ቀትር ላይ እናቴ ምሳ አመጣች፣ አልበላንም። እሷም ነገሩ ገብቷት ኖሮ ምንም ሳትጠይቅ ባዶ ጠርሙስ ፈልጋ በድንጋይ ሰብራ አዲስ ስባሪ አመጣችልን። "ጣትሽን እንዳትቆርጪ" ብቻ አለችኝ። ዛሬማ አባባ ታክመው የአንዱ ዓይናቸው ሞራ ተገፎላቸው ያያሉ። ፋሻው የተፈታ ቀን መጀመሪያ ያዩት እኔን ነበር፤ "ይቺ ናት ስመኝ? እኔ እኮ ቆንጆ መስላኝ ነበር!" ብለው ነርሷን አሳቋት። እንጨት ላይ ግን ዛሬም ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ዓርብ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ጨረስን። አውራ ጣት የሚያክለው ውፍረት ትንሿን ጣት አክሏል። አባባ ጥፍራቸውን ሰደዱት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከዚያ ተመልሰው፣ ከዚያ በሌላኛው እጅ። "ሰም የለም?" አሉኝ። "የለም አባባ።" "በማርያም?" "በማርያም!" ጅማቱን አንዱ ጫፍ ላይ አሰሩ፣ ደጋኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ማጉበጥ ጀመሩ። ጎበጠ። ደግሞ ጎበጠ። የጅማቱን ቀለበት ሁለተኛው ጫፍ ላይ ሊያስገቡ ሲስቡ፣ ቋ!

ጮኽኩ። እናቴ ከውስጥ ሮጣ ወጣች። አባባ እንደያዙት ቀሩ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ። ከዚያ ቀስ ብለው እግራቸውን ዘረጉት። "ጉልበቴ ናት" አሉ። "ኧረ ጉልበቴ ናት! እርጅና እንዲህ ሰው ያስደነግጣል?" እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ጅማቱ ገባ። አባባ በጣታቸው መቱት። ድም አለ። እስኪጠፋ ጠበቁና ደግመው መቱት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እማሆይ ጥጣቸውን በዘንቢል ይዘው ደረሱ። ደጋኑን አገላብጠው አዩትና "ቀጠነሳ አያ ሞላ?" አሉ። "ይቺን ይጠይቋት" አሉ አባባ። አላመለጥኩም። በልጉን፣ ጉድጓዱን፣ ጧፉን፣ ሁሉንም ተናገርኩ፣ ጆሮዬ እየጋለ። እማሆይ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ። "ጧፍ ለደጋን! ለዚህስ አሥር ስግደት አለብሽ፣ ዛሬውኑ!" ከዚያ ሳቃቸውን ትተው አባባን አዩ። "ይሰበርብኛል?"

"ይምቱት እንጂ። ፊትዎን ግን ትንሽ ራቅ አድርገው።"

እማሆይ ጥጡን አጎዛ ላይ ዘረጉ፣ ደጋኑን አስጠጉ፣ መጀመሪያ በቀስታ መቱት። ድም፣ ድም። ከዚያ ጠንከር አደረጉት። ከዚያ እንደ ነዳፊ፣ ሳይሳሱለት። ጥጡ ተነሣ። ደመና ሆነ፣ አጎዛውን ሞላ፣ ተርፎ ተንሳፈፈ፤ የአባባ ጢም ላይ አረፈ፣ የእናቴ ሻሽ ላይ አረፈ። በመንገድ የሚያልፈው ያ ጎረቤታችን ቆሞ ቀረ። እማሆይ ከዘንቢሉ ግማሹን ነድፈው እስኪጨርሱ ፊታቸውን እያስጠጉ፣ እያስጠጉ መጡ፤ በመጨረሻ አንድ ጥጥ ብቻ ነበር በአፍንጫቸውና በደጋኑ መሀል። ምንም አልሆነም። "ከእናቴ ደጋን ይህ ይቀላል" አሉ። "ክንዴ አልደከመም። እግዜር ይስጥልኝ፣ የሁለታችሁንም እጅ ይባርክልኝ።" ደጋኑን ትከሻቸው ላይ አንግተው፣ ነጠላቸውን ደርበውበት ሄዱ።

ደጃፉ ጭር አለ። እናቴ ልትጠርግ መጥረጊያ ፍለጋ ገባች።

"ሄዱ?" አሉኝ አባባ።

"ሄዱ።"

"ርቀዋል?"

"መታጠፊያውን አልፈዋል።"

"እኔ እኮ ፈርቼ ነበር" አሉ።

"እኔም አባባ።"

"አንቺማ ልጅ ነሽ። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ሠርቼ ነው የፈራሁ።" ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉልኝ። "እስቲ እዪው።" ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጡ ነበር፣ በየመሀላቸው ጥጥ ተሰክቶ። የኔንም ላሳያቸው ዘረጋሁ፣ እንደማያዩት ትዝ አለኝና መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። የኔም ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳቁ፣ ጨብጥ አድርገው ያዙኝ፤ እስኪቆምልን ድረስ እንደዚያው ተያይዘን ፀሐይ ላይ ተቀመጥን።